እጅ ታይቶ የሚከራይ ክፍል

ማ ኦክቡንን በደንብ አውቃታለሁ ብሎ የሚምል ሰው ቾልጎክ ከተማ ውስጥ አይገኝም። እዚህ የሚተረከውም ቢሆን ከመስኮቷ ወዲህ ሆኖ የታየውን ያህል ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለው የ«ሃዋይ ሞቴል» ባለቤት መሆኗ ይታወቃል። ሰባ አራት ዓመቷ ነው ይባላል። ሃዋይን አይታ አታውቅም። ባሕር ራሱ ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ዝናብ ነበር ይላሉ።

ፊቷን በቅርብ ያየ ሰው ጥቂት ነው። የእንግዳ መቀበያዋ መስኮት ባለ ሻካራ መስታወት ሆና ከሥሯ አንድ ስንዝር የማይሞላ ክፍተት አላት። እንዲህ ያለ መስኮት የሌለው ሞቴል በአገሩ የለም። የተሠራው እንግዳው ከማን ጋር እንደመጣ ባለቤቱ እንዳያይ፣ ካየም አላየሁም ብሎ በንጹሕ ልብ እንዲምል ነው። በክፍተቷ ገንዘብ ይገባል፣ ቁልፍ ይወጣል። ሌላው ባለሞቴል ሁሉ የሚያየው የገባውን ገንዘብ ነው። ኦክቡን የምታየው ገንዘቡን የያዘውን እጅ ነው።

ዶ ጊቻን ይህን ሳያውቅ ነው በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ትንሽ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ የወረደው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሱዎን ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነዋሪነት ማስረጃ ሲሰጥ ኖሮ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥቷል። ከሰው ጋር መከራከር አይሆንለትም። በሥራ ዘመኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረው ነገር ቢኖር «ፎርሙ ከጀርባም ይሞላል» የሚለው ብቻ ነው።

ታላቅ ወንድሙ ጊሱ በቾልጎክ፣ ኮረብታው ላይ ባለው የሳንባ ሆስፒታል ተኝቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ድንጋይ ከሰል ቆፍሮ፣ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት የቆፈረውን ሲያስል የኖረ ሰው ነው። ሐኪሙ «ሁለት ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ወርም» ብሏል። ሆስፒታሉ ጠያቂ የሚያስገባው ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ አስታማሚ አያሳድርም። ከሱዎን ቾልጎክ ደግሞ አራት ሰዓት መንገድ ነው። እናታቸው ያረፈች ጊዜ ጊቻን አውቶቡስ ውስጥ ነበር። ይህ እንዲደገም አልፈለገም። ስለዚህ ርካሽ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ለስንት ቀን እንደሆነ የማይታወቅ ርካሽ ክፍል።

ቾልጎክ ድሮ ከሰል ትሸጥ ነበር። ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ የምትሸጠው በረዶ ነው። የበረዶው በዓል ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶት ስለነበር የሞቴሎቹ ዋጋ ከበዓሉ ቀድሞ ተራራ መውጣት ጀምሯል። ጊቻን መጀመሪያ የገባው «ቬርሳይ» ነው።

«ሥራ አስኪያጅ፣ አርፈው ነው የሚሄዱት ወይስ አድረው?» አለ ከመስኮቱ ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ፤ እዚያ ወንድ እንግዳ ሁሉ «ሥራ አስኪያጅ» ተብሎ ነው የሚጠራው።

«አድሬ።»

«ስንት ሰው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ስንት ቀን?»

«እሱን እንኳ አላውቅም። ምናልባት አንድ ወር።»

ድምፁ ትንሽ አሰበ። «ብቻዎን፣ አንድ ወር፣ ቬርሳይ። ሥራ አስኪያጅ፣ ባለቤትዎ ናቸው ያባረሩዎት?»

«ፓሪስ» ደግሞ ያለው ርካሽ ክፍል አንድ ነው፤ ጣሪያው መስታወት፣ መብራቱ ቀይ፣ አልጋው ክብ። ዋጋው ሰባ ሺህ ዎን።

«እግሬን ወዴት ነው የምዘረጋው?» ሲል ጠየቀ ጊቻን፤ የምሩን ነበር።

«ወደፈለጉበት። ክብ ነው እኮ።»

ሰባተኛው ሞቴል ላይ ሲደርስ ጠዋት በቤቱ የበላው ሁሉ አልቆ ነበር። ወደ አንዲት ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ የሚበላባት ምግብ ቤት ገባ። ባለቤቷ ባን ዮንግጃ የምትባል፣ ክንዷ የወፈረ፣ ለሰው ነገር ጆሮዋ የቀና ሴት ናት። ሾርባውን አቅርባ ሳትጨርስ የመጣበትን አወጣጣችው።

«ርካሽ ከሆነ የምትፈልገው ወንድሜ፣ ሃዋይ ነው። እስቲ ግን እጅህን አምጣው።»

ጊቻን መዳፉን ሲዘረጋላት እንደ ዕቃ ገለባበጠችው። «ውይ! ይሄ እጅ ነው ጥጥ? አርባ አምስት።»

«ምኑ ነው አርባ አምስት?»

«ያንተ ዋጋ ነዋ! ያቺ ሴትዮ እጅ አይታ ነው የምታከራየው። ለሠራ እጅ ሃያ አምስት ሺህ፣ ላልሠራ አርባ አምስት።»

«እኔም እኮ ሠርቻለሁ። ሠላሳ ዓመት።»

«ምን?»

«ማኅተም እመታ ነበር።»

«እሱማ በአንድ እጅ ነው» አለች ዮንግጃ፤ በበርበሬ የኮመጠጠውን ጎመን፣ ኪምቺውን፣ ጨመረችለት።

ቀልድ መስሎት ሄደ። ሃዋይ በር ላይ ሲደርስ የአስፋልት በረዶ የሚጠርግ አንድ ሰውዬ ከፊቱ ነበር። ሰውዬው እጁን በክፍተቷ ሰደደ፣ «ሃያ አምስት» ተባለ፣ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ጊቻን ተራው ደርሶ አካፋ እንደያዘ ለመምሰል ጣቶቹን ትንሽ ቆልመም አድርጎ አስገባ። ውስጥ አንዲት መብራት በራች።

«ይዘርጓቸው» አለች የማትታይ ሴት። ዘረጋቸው። «አርባ አምስት ሺህ።»

«እትዬ፣ ከእኔ በፊት የገቡት ሰውዬ ሃያ አምስት ነው የከፈሉት።»

«እሳቸው እጅ አላቸው።»

«የእኔስ ምንድን ነው?»

«ጓንት ይመስላል።»

ተከራክሮ አያውቅምና ከፈለ። ቁጥር 203 ወለሉ ከሥር የሚሞቅ፣ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ያለው፣ ግድግዳው ላይ የዘንባባ ሥዕል የተለጠፈበት ንጹሕ ክፍል ሆኖ አገኘው። ክፍሉ ይህን ያህል ደግ መሆኑ ይበልጥ አናደደው። በዚህ ዋጋ ከበዓሉ በኋላ አንድ ሳምንት እንኳ እንደማይዘልቅ ያውቃል፤ ወንድሙ ደግሞ ዋጋ አይቶ አይሞትም።

ጊቻን የመንግሥት ሠራተኛ ነበርና መስፈርት ሲሰጠው መስፈርቱን ለማሟላት ነው የሚሞክረው። በማግስቱ ጠዋት ዮንግጃ ዘንድ ሄዶ ደጅሽን ልጥረግልሽ አላት።

«ጥረግ! ማን ከለከለህ?» አለች ደስ ብሏት። «ጓንቱን ግን አውልቀው፤ አለዚያ ምን ትምህርት ይሆናል?»

ሁለት ቀን ባዶ እጁን በረዶ ዛቀ። ዮንግጃ ሾርባ እየጠጣች በመስኮት ትመራው ነበር፤ «ወገብህን! ወገብህን እንጂ! ይሄ ሰውዬ አካፋውን እንደ እስክሪፕቶ ይዞታል!» በሦስተኛው ቀን መዳፉ አራት ቦታ ላይ ውሃ ቋጠረ። በአራተኛው ቀን ከምድጃዋ የወጣውን የከሰል ጡብ አመድ አንሸራታቹ መንገድ ላይ በተነላት፤ ገና ያልነደደውን ጡብ ደግሞ ማንም ሳያየው ዳበስ ዳበስ አደረገና ጥላሸቱን ጥፍሩ ሥርና የመዳፉ መስመሮች ውስጥ በደንብ አሸው። ሥራውን ሲያየው ራሱን አላወቀውም። ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቷ ሄደ።

መብራቷ በራች። ከዚያ በክፍተቷ እርጥብ ጨርቅ ወጣ።

«ጥረገው።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የሥራ...»

«ጥላሸት ነው። ጥላሸት ይታጠባል። ጥረግ አልኩህ።»

ጠረገ። ሮዝ መዳፉ ከነቋጠረው ውሃ ብቅ አለ። ቀጥሎ በክፍተቷ የቁስል ፕላስተር ወጣ።

«የቋጠረውን አታፈንዳው፣ ያመረቅዛል። ከዓርብ ጀምሮ በዓል ነው፤ ላንተ ዘጠና ሺህ ይሆናል።»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረደችው በዚያ ዕለት ነው። ጊቻን እንደ ቅናሽ ቆጠረው፤ ሌላ ቅናሽ አላገኘምና።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄዶ ጉዳዩን ለወንድሙ ሲነግረው ጊሱ ሳቀ። ሳቅ ለእሱ ቀላል ወጪ አይደለም፤ የኦክስጅኑ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ጮኸና ነርሷ መጥታ ሁለቱንም ተቆጣች።

«በጥላሸት?» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። «ቾልጎክ ውስጥ? ከሰል ስትለቅም ያረጀችን ሴት? አንተ ጅል!»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ከዓርብ በኋላ ክፍሉን መክፈል አልችልም። ወደ ሱዎን መመለሴ ነው።»

«ተመለሳ! እኔ መሄጃዬን ደውዬ እነግርሃለሁ።»

«ለመድረስ አራት ሰዓት ይፈጅብኛል።»

ጊሱ ይህን ሲሰማ መሳቁን ተወ። ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ወንድሙ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው፣ ከአንጓውም በላይ፣ ሰማያዊ መስመሮች ከቆዳው ሥር ተጋድመዋል። ከሰል የቆረጠው ቁስል ሲድን ከሰሉን ውስጥ ይዞ ነው የሚገጥመው።

«ይሄን አጥበህ አስለቅቀው እስቲ» አለ። «እሷ የምትፈልገው ይሄን ነው። ሂድና የኔ እጅ የወንድሜ ነው በላት። አንተ ብዕር የያዝከው እኔ መዶሻ ስለያዝኩ አይደል? ዋጋው ተከፍሏል በላት።»

ጊቻን የራሱን እጅ አየ። መዳፉ በለሰለሰ ቁጥር የወንድሙ ድካም ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ያ ፍሬ በአዳር ዘጠና ሺህ ሊያስከፍለው ነው።

ንግግሩን ከሆስፒታሉ እስከ ሃዋይ ሲያጠናው መጣ። ቁልቁለቱ ላይ አምስት ዓይነት አድርጎ ተናገረው፤ ሁለተኛው ጥሩ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መስኮቷ ፊት ሲቆም ግን የወጣው ስድስተኛው ነው።

«እጄ፣ ማለት ወንድሜ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ ይሄ እጅ የእሱ ነው ማለት ይቻላል። ተከፍሎበታል።»

«እጁ ለስላሳ የሆነ ሰው ሁሉ ታላቅ ወንድም አለው» አለች ኦክቡን። «ወንድም ያጣ እናት አለችው። ባለፈው ወር አንድ ጠበቃ መጥቶ አምስት እኅቶች ነበሩት።»

«የእኔ እውነት ነው እትዬ።»

«የጠበቃውም እውነት ነበር። አርባ አምስት ከፍሎ አድሯል። እጁ ራሱ ይምጣ።»

«ሆስፒታል ነው። ኦክስጅን ላይ ነው።»

ከመስታወቱ ወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። «ስልክ የለህም እንዴ?» አለች።

ጊቻን በምስል ደወለ። መጀመሪያ የሆስፒታሉ ጣሪያ ታየ፣ ቀጥሎ የጊሱ አፍንጫ። ጉዳዩን በሦስት ቃል ነግሮ ስልኩን በክፍተቷ አሳለፈው። ከዚያ በኋላ ምንም አላየም፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ክፍተቷ ላይ አደረገ።

«ገልብጠው» አለች ኦክቡን። «የግራውን። ወደ መብራቱ አስጠጋው፣ ጨለመብኝ እኮ።»

«ሴትዮ» አለ ጊሱ በስልኩ ውስጥ፣ «ክፍል ነው የምታከራዪው ወይስ እጅ ልትገዢ ነው?»

«ስንተኛው ጉድጓድ?»

«ሦስተኛ።»

«ፈረቃ?»

«የሌሊት።»

ቀጥላ የጠየቀችው ድምፅዋን ሳትቀይር ነው። «የሦስተኛው ጉድጓድ የሌሊት ፈረቃ፣ ጉድጓዱን ውሃ የሞላው ዕለት፣ እስከ አንድ ሰው አልቋል። አንተ እንዴት ተረፍክ?»

«የዚያን ሌሊት አልወረድኩም። ፈረቃ ተለዋውጬ ነበር። ከጎ ዴሺክ ጋር።»

ጊቻን ክፍተቷ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። ስሙን ሰምቶት አያውቅም። የሌሊት ፈረቃው ማለቁን ያውቃል፤ ወንድሙ ለምን እንዳልወረደ ግን ጠይቆ አያውቅም ነበር። የተረፈን ሰው ለምን ተረፍክ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

ስልኩ በክፍተቷ ተመልሶ ወጣ፤ ተከትሎት አንድ የመመዝገቢያ ወረቀት መጣ።

«የወንድምህን ስም ጻፍ» አለች። «203 የእሱ ነው። ሃያ አምስት ሺህ፤ በበዓልም ያው ነው። አንተ የእሱ ጠያቂ ነህ።»

«እሱ እኮ እዚህ አያድርም።»

«ይደር አይደር የራሱ ጉዳይ ነው። ጠያቂ አንድ ፎጣ ነው የሚሰጠው።»

ጊቻን ወረቀቱን ሞላ፤ ከልማዱ የተነሣ ጀርባውንም ገልብጦ አየ። ባዶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊሱ ባለ ክፍል ሆነ። በሰባ አንድ ዓመቱ ሞቴል ውስጥ በስሙ የተያዘ ክፍል ሲኖረው የመጀመሪያው ነው፤ እንደ ጌታም ያደርገው ጀመር። ጊቻን ስድስት ሰዓት ላይ ሲገባ ከሰላምታ በፊት ይጠየቃል።

«ወለሉ ይሞቃል?»

«ይሞቃል ጋሼ።»

«ብርድ ልብሴን ቀየሩልኝ?»

«ትናንት ቀየሩ።»

«በሳሙናዬ አትታጠብ፤ የራስህን ግዛ። መስኮቴ ወደየት ነው የሚያየው?»

«ወደ መናኸሪያው።»

«ተራራ የሚያይ የላቸውም? ንገራት እንጂ! በዚህ ዋጋ!»

ነርሶቹ መሻሉን አይተው ተገረሙ። ሐኪሙም ተገርሞ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን መዝገብ ላይ ጻፈ። በዓሉ መጥቶ ሄደ። ቬርሳይ እስከ ኮሪደሩ ሞላ፣ የፓሪስ ክብ አልጋ አራት ሰው አሳደረ። 203 ውስጥ ግን አንድ ጠያቂ ብቻውን ተኝቶ ባለ ክፍሉ ነገ የሚጠይቀውን ጥያቄ መልስ ያዘጋጅ ነበር።

አንድ ቀን ጊቻን ደፍሮ ስለ ፈረቃው ጠየቀ። «ያን ዕለት ለምን ተለዋወጥክ?»

ጊሱ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ፈተና ነበረህ አይደል እንዴ? የዩኒቨርሲቲ መግቢያ። ጠዋት በር ላይ ልሸኝህ ፈለግኩ።»

ጊቻን አስታወሰ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ እናቶች ልጆቻቸው ፈተናውን አልፈው ዩኒቨርሲቲው ላይ እንዲጣበቁ በሩ ላይ ማር የመሰለ ከረሜላ ይለጥፉ ነበር። ጊሱም ለጥፎ፣ ጣቶቹ ተጣብቀውበት ሲስቅ፣ ጥፍሩ ንጹሕ ነበር። ለምን ንጹሕ እንደሆነ ያኔ አልገባውም። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የወንድሙን ጥፍር አይመረምርም።

«እና ያ ሰውዬ፣ ጎ ዴሺክ፣ ሚስት ነበረው?»

«ነበረው። አላውቃትም። የሞቱትን ሚስቶች ኩባንያው ከሰል ለቀማ፣ ከሰሉን ከድንጋዩ የመለየት ሥራ፣ አስገባቸው። ፊታቸውን በጨርቅ ስለሚሸፍኑ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር።» ዓይኑን ከደነ። «ደከመኝ። ነገ ማሞቂያው ስንት ላይ እንደሆነ አይተህ ንገረኝ።»

ሐኪሙ እንዳለው በሁለት ሳምንትም በሁለት ወርም አልሆነም፤ በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጊሱ አረፈ። ጊቻን እጁን ይዞ ነበር። ከእጁ መጀመሪያ የቀዘቀዙት ጣቶቹ ናቸው፤ ሰማያዊዎቹ መስመሮች ቀለማቸውን አልለወጡም።

ሦስቱ የሐዘን ቀናት አልፈው አስከሬኑ እንደ አገሩ ወግ ከተቃጠለ በኋላ፣ ጊቻን ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሃዋይ መጣ። ክፍሉን ጠርጎ፣ ብርድ ልብሱን አጥፎ፣ ቁልፉን በክፍተቷ አሳለፈ። ቁልፉ ተመልሶ ወጣ።

«ክፍሉ እስከ እሑድ የእሱ ነው» አለች ኦክቡን።

«እሱ እኮ...»

«ሰምቻለሁ። እስከ እሑድ ነው የተከፈለው። ሌላ ሰው አላስገባበትም።»

ጊቻን ቁልፉን አላነሣም፣ እሷም ከላዩ እጇን አላነሣችም። በእነዚህ ሁሉ ቀናት ውስጥ እጇ ብርሃን ላይ ይህን ያህል ቆይቶ አያውቅም። እሷ የእንግዳ እጅ ስታይ እንደኖረችው እሱም የእሷን አየ። ጠቆር ያለ፣ መገጣጠሚያው ያበጠ፣ ቀለበት የሌለው እጅ ነው። ከአውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ወርዳለች።

ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ጠይቆ አያውቅም፤ ፎርም ላይ እንኳ የለም።

«እትዬ» አለ፣ «ወንድሜ ፈረቃ የተለዋወጠው ጎ ዴሺክ የእርስዎ ባል ነበር?»

እጇ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቁልፉ ክፍተቷ ላይ ቀረ።

«የወለሉን ማሞቂያ ዘግተኸዋል?» አለች።

«ዘግቻለሁ።»

«ደህና» አለች፤ መብራቷንም አጠፋች።